ቤንዚን በነጠላ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ፣ ጧት 1፡20

ዛሬም ሞተር ሳይክሌ ዳገቱ ላይ አመነታች። ጋዝ ስሰጣት ትንፋሿን ውጣ ትቀራለች። አንድ፣ ሁለት እስክል። ከዚያ ከእንቅልፉ እንደባነነ ሰው ብድግ። ከኋላዬ አይሱዙ ነበር፤ ጥሩምባው አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ደብተሬ፣ ሲሪንቃ የምርምር ማሳው ዳር ቆሜ ነው የምጽፍልሽ። ጭጋጉ አልተነሣም። ማሽላው እስከ አንገቱ ጠፍቷል፣ ራስ ራሱ ብቻ ይታያል። ወፍ ጠባቂው ማማው ላይ ይጮሃል፤ ሰውየው የለም፣ ድምፁ ብቻ። ሥራዬ የማሽላ ቁመት እየለኩ መመዝገብ ነው። የሰማ ሁሉ ይስቃል። እኔ ግን እወደዋለሁ፣ ዝም ብሎ ከሚያድግ ነገር ጋር መዋሉን።

ማታ ለአባባ እነግራቸዋለሁ።

እዚያው ቀን፣ 11፡30

መርሳ፣ ማንጎው ሥር። የአባባ ጋራዥ ማለት ይኸው ማንጎ፣ አንድ አግዳሚና አንድ የብሎን መፍቻ ቁልፎች ሣጥን ነው። ዕድሜያቸውን እዚህ ጨርሰዋል። የጋሽ ሞላ ጆሮ ሲባል አገር ያውቃል፤ ሞተር ሳይፈቱ ሕመሙን ይናገራሉ። ልጅ ሳለሁ አይናቸውን ጨፍነው አስፋልቱን እያዳመጡ፣ ገና ያልታየውን መኪና የማን እንደሆነ ይነግሩኝ ነበር። አስማተኛ ይመስሉኝ ነበር።

ጎንበስ ብለው አዳመጧት። ካንዴላ ነው፣ እሳት አይረጭም አሉ። አዲስ አስገቡላት። እንደ ልማዳቸው የነኩትን ብሎን ሁሉ ራሱ ላይ ያለውን ስንጥቅ ወደ ፊት ጎማ አቅንተው ጨረሱ። ሌላው መካኒክ ያጠብቃል፣ እሳቸው ያሰልፋሉ።

ከዚያ ማጥለል። ቤንዚን ከጠፋ ወዲህ ባለባጃጁ ሰይድ ነው ሲያገኝ በውሃ ፕላስቲክ የሚያመጣልን። ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም። ከታንኩ መውጫ ላይ የነበረችውን ወንፊት አባባ አምና አውጥተው ጣሏት፣ በቆሻሻ እየተደፈነች ስታስቸግር። በእሷ ፈንታ የእማማ ነጠላ ገባ። ታጥቦ ታጥቦ የሳሳ። እንደሱ የሚያጠልል የለም ይላሉ። እማማ ከሞተች ሦስት ዓመቷ፣ ነጠላዋ ግን ሥራ ላይ ነው። የተቆረጠውን የፕላስቲክ አንገት እኔ እይዛለሁ፣ እሳቸው ያፈሳሉ። ቤንዚኑ በጥለቱ በኩል ሲወርድ ቀለሙ ያምራል። ሳየው ሐሳብ ይዞኝ ይሄዳል።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ፣ ማታ 12፡15

ካንዴላው ምንም አልፈየደም። ሚኒሞም አትይዝም፤ ቆማ ጋዙን ስለቅላት ጸጥ ትላለች። አንድ ነገር ግን አየሁ። አየሯን የሚቀንሰውን ቾክ ግማሽ ስስብላት ትረጋጋለች። አየር ሲቀነስላት ደህና ከሆነች የጎደለባት ቤንዚን ነው ማለት ነው። ይህን ያስተማሩኝ ራሳቸው አባባ ናቸው፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ።

ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥለው የአየር ማጣሪያዋን አውጥተው አጠቡ። እንዳልሰማ ሰው። ተናደድኩ፣ አልደብቅሽም። ደግሞ ለጥንቃቄ ብለው የታንኩን ቤንዚን በሙሉ ቀድተው እንደገና አጠለሉት። ሁለት ጊዜ።

ሰይድ ቆሞ ያይ ነበር። ወደ ግቢው በር ሳወጣት ተከተለኝና፣ ወልዲያ አንድ ጎበዝ ልጅ አለ፣ ወላሂ በግማሽ ሰዓት ነው የሚያበራት አለኝ። ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም። አባባ ሦስት እርምጃ ራቅ ብለው እጃቸውን በአሸዋ ይፈትጋሉ። ቀና አላሉም።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ዛሬ መንገድ መሐል ጠፋችብኝ። ከፊት አውቶቡስ። በእግሬ እየገፋሁ ዳር አወጣኋት። ሹፌሩ በመስኮት የተናገረኝን አልጽፍልሽም። ዳር ተቀምጬ አንዲት ደመና ከአምባው ወዲያ ስትሄድ አየሁ። ረዥም ጊዜ አየኋት መሰለኝ። ቁመት የሚለካላት የላት።

እንዲህ ሆኖ አይቀጥልም። አንድ ቀን መኪና ይበላኛል።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ፣ 10 ሰዓት

ደብተሬ፣ ይህን ለአንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ።

አባባ አስነሷት። ጎንበስ አሉ። በካቻቢቴ ሚኒሞዋን ያስተካክላሉ፣ አይናቸው ጭፍን ነው፣ ልክ እንደ ድሮው። ሞተሯ ጠፋች። ቀጥ ብላ፣ ምንም ሳትንገራገር። አባባ ግን ቀጠሉ። ትንሽ ወደ ቀኝ። ትንሽ ወደ ግራ። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ጥሩ፣ ጥሩ ይላሉ። ማንጎው ላይ ወፍ ይንጫጫል። ሌላ ድምፅ የለም።

ጠፍታለች ማለት አቃተኝ። ቆሜ አየሁ። በመጨረሻ መዳፋቸው ታንኩ ላይ አረፈ፣ መንቀጥቀጥ የለም፣ አይናቸውን ገለጡ። አጠፋሻት እንዴ አሉኝ። አዎ አልኳቸው።

አባቴ አይሰሙም። ከመቼ ጀምሮ? ሐሙስ ያልመለሱልኝ፣ ሰይድ ሲናገር ቀና ያላሉት፣ እንደዚያ ነበር ለካ። እኔ ደግሞ ተናድጄባቸው።

ወልዲያ ብወስዳት ነገውኑ መርሳ ይሰማል፤ የጋሽ ሞላ ልጅ እንኳ ሌላ ጋ ወሰደች ይባላል። ከዚያ በኋላ ማንጎው ሥር ማን ይመጣል? ባልወስዳትስ፣ እኔ ነኝ አስፋልት ላይ የምቀረው። አባቴን ማሳፈር አልችልም። መሞትም አልፈልግም።

ጥቅምት 9፣ እሑድ፣ ጧት 2፡40

አባባ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። እኔ አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ዋሸሁ። በሰንበት ቁልፍ ይዣለሁ። ሁለት ኃጢአት በአንድ ጧት።

ካርቡራቶሯን አወረድኳት። ከሥሯ ያለችውን ጽዋ ፈታሁ። በውስጧ ቤንዚን የሚያልፍባት ትንሽ ናስ አለች፣ ቀዳዳዋ ከፀጉር የማይሰፋ። ወደ ፀሐይ ይዤ አየሁባት። ብርሃን የለም። በቀጭን ሽቦ ነካ አደረግኋት፣ ወጣ።

ነጭ። ለስላሳ። የጥጥ ብናኝ የመሰለ።

ነጠላው ነው። አርጅቶ ክሩን እየጣለ ነው። በተጠለለ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየገባ፣ እሳቸው ደግሞ ስትብስባት አብዝተው እያጠለሉ። ጣቴ ላይ አድርጌ ቆየሁ። ሦስት ዓመት የት ሄድሽ የምላት እናቴ ሲሪንቃ ድረስ እየተመላለሰች ኖሯል። ሳቄ መጣ፣ ከዚያ አለቀስኩ።

አሁን አስነሥቼ ብሄድ ይበቃኝ ነበር። አባባ ግን ምን ይቀራቸዋል? አይናቸው ደህና ነው። ጣታቸው ደህና ነው። መልሼ ከተትኩት። ክሩን ቀዳዳዋ ውስጥ፣ እንደነበረ። ዘጋሁ። ነገ ራሳቸው ያግኙት።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ፣ 11 ሰዓት

በሚኒባስ ሄጄ በሚኒባስ መጣሁ። ማንጎው ሥር ቁጭ አልኩና ፊታቸው ሆኜ፣ ከንፈሬ እንዲታያቸው፣ አባባ ካርቡራቶሯን ቢከፍቷት አልኳቸው። ካቻቢቴውን አነሡ። ከዚያ አወረዷት። ጽዋዋን ገልብጠው ብሎኖቹ ላይ ቆዩ፣ አንድ ባንድ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ከፈቱ። ናሷን አወጡ፣ ወደ ብርሃን ያዙ፣ በሽቦ ነኩ። ክሩ ጥፍራቸው ላይ ቀረ።

ማጥለል ብዬ ዘጋኋት አሉ። ለሞተሯ ይሁን ለእማማ አልገባኝም። ክሩን አልጣሉትም፣ ከደረት ኪሳቸው መሐረብ አውጥተው ጠቀለሉት።

ቀና ሳይሉ የተናገሩትን እንዳለ ልጻፍልሽ፤ “እኔ ስዘጋ ስንጥቁ ወደ ፊት ጎማ ነው የሚያየው። እኒህ ሁሉም በየፊናቸው ናቸው። ጆሮዬ ከሄደ ከርሟል ልጄ። አንቺም አውቀሽ ዝም አልሽ፣ እኔም ዝም አልሁ። በሰንበት ቁልፍ መያዝሽን ግን ለነፍስ አባትሽ ትነግሪያለሽ።”

እፍረት ፊቴን አቃጠለው። እሳቸው ግን ይስቁ ነበር። አባቴ ሲስቁ ካየሁ ቆይቻለሁ።

ናሷን በንጹሕ ቤንዚን አጥበው መለሷት። አስነሣኋት። ካቻቢቴውን ያዙ፣ አይናቸውን አልጨፈኑም፣ ጆሯቸውን አልጣሉም። እጄን ነው የሚያዩት። መዳፌን ከፍ ሳደርግ ትንሽ ይጨምራሉ፣ ዝቅ ሳደርግ ይቀንሳሉ። ድምፁ ሲረጋ ጨበጥኩት። ያዘች። ሰይድ አጠገባችን ቆሞ ነበር፤ ገባው። ዞር ብሎ የባጃጁን መስታወት ይጠርግ ጀመር። የወልዲያውንም ልጅ ዳግመኛ አላነሣም።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ፣ ማታ 12 ሰዓት

ዳገቱን ወጣች። ጋዝ ስሰጣት እሺ ነው መልሷ። ጭጋጉ ውስጥ ገብቼ ስወጣ መሬት የነካሁ አልመሰለኝም።

ነጠላውን አጥቤ ሰቅዬዋለሁ። ሽታው አለቀቀም። እንደዚያው ሆኖ የእማማ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ሰይድ የታንክ ወንፊት ከወልዲያ አምጥቶልናል።

ስመለስ አባባ መንገድ ዳር ቆመው ነበር። ድሮ ከሩቅ ሰምተው ነበር የሚያውቁኝ። አሁን ቆመው ማየት ሊኖርባቸው ነው። ይህ ልቤን አሳመመው። መዳፋቸውን ታንኩ ላይ አሳርፈው ምን ትላለች አሉኝ። ደህና ነኝ ትላለች አልኳቸው።

ወስኛለሁ። ከሥራ እንደተመለስኩ በየቀኑ ማንጎው ሥር፣ አግዳሚው ላይ፣ ከእሳቸው በስተቀኝ። ሰዉ የሞላ ልጅ ሙያ ልትማር ነው ይበል።

እየጠሩኝ ነው። የሰይድ ባጃጅ ተነሥታለች። ድምፅዋ ከዚህም ይሰማኛል፣ ወፈር ይላል፣ መሐል ላይ ደግሞ አንዲት ነገር ትዘላለች፣ ቆይ፣ ልሂድና…