ዘግይቶ የመጣ የስንብት ድግስ

ለተከበሩ እህቴ ለእትዬ ሞሮንኬ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የሶኮቶ አቧራ አሁንም ዓይንዎን ያስቸግርዎታል ወይስ ለመዱት? ባለቤትዎስ አባባ ጂሞ ደህና ናቸው? እኛ በሕይወት አለን፤ ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽዎትም።

ከመድኃኒት ፋብሪካው መልቀቄን ሳይሰሙ አይቀሩም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ፣ የጥራት ክፍል ኃላፊ ሆኜ፣ በገዛ ፈቃዴ ነው የወጣሁት። ምርመራ የወደቀ የሳል ሽሮፕ አልፏል ብለህ ፈርም አሉኝ፤ እምቢ አልኩ፤ ሌላ ሰው ፈረመ። የስንብት ድግስ እናድርግልህ ሲሉኝ ንዴቴ አልበረደልኝምና "ሩዛችሁን ራሳችሁ ብሉት" ብዬ ወጣሁ። ጥፋቴ ይኼ ነው። እርስዎም ያውቁታል፣ በእኛ ዘንድ ሳይደገስለት የወጣ ሹም እንደ ሌባ ነው የሚታየው።

በሳምንቱ ፎቶዬን ጋዜጣ ላይ አወጡት፦ "ከላይ የሚታየው ግለሰብ የድርጅታችን ሠራተኛ አይደለም፤ ከእሱ ጋር የሚዋዋል በራሱ ኃላፊነት ነው።" ለለቀቀ ሁሉ የሚያወጡት ማስታወቂያ ነው፤ ድግስ ከሌለ ግን ማን ያምናል? ቲማቲም ሻጯ የሲኪሩ እናት እንኳ "አለቃ፣ ስንት ይዘህ ወጣህ? ለእኛም አካፍለን እንጂ!" ብለው ገበያውን አሳቁብኝ። ሊቀጥረኝ ቃል የገባው ሆስፒታልም "ነገሩ እስኪጣራ ጠብቅ" አለኝ። ስምንት ወር ሲጣራ ከረመ። ስም ከመቃብር በላይ ነው ይባላል፤ የእኔ ግን ቀድሞኝ ተቀበረ። እትዬ፣ ከቤት መውጣት አስጠላኝ።

በመጨረሻ የቀድሞ አለቃዬን ደጅ ጠናሁ። ሰውየው ሳቀ። "ላዲፖ፣ ድግሱ እኮ የትም አልሄደም። ተነስተህ ስለ ሽሮፓችን ሁለት ቃል ትናገራለህ፣ በቃ" አለኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ተደገሰ። ከበሮ መቺዎች መጡ፣ ሴቶቹ አንድ ዓይነት ጨርቅ አሰፍተው ለበሱ፣ የግድግዳ ሰዓት ተሸለምኩ። ከዚያም ተነስቼ ሽሮፑን አመሰገንኩ፤ ለገዛ ልጆቼ የምሰጠው ነው አልኩ። ጋዜጣው ፎቶዬን ደግሞ አወጣው፤ በዚህኛው እየሳቅኩ ነው። ሰኞ ዕለት የሆስፒታሉ ሰዎች ሥራ ጀምር ብለው ላኩብኝ። የሲኪሩ እናትም "እኔ ድሮም አላመንኩም ነበር" ብለው ቲማቲም መረቁልኝ።

ለአባባ ጂሞ እጅ ነስቻለሁ ይበሉልኝ። ለልጅዎ ለባዮና ለሚስቱ ሰላምታዬ ይድረስ። ልጃቸውን ትንሿን ሞጂሶላን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ሳል ከያዛት ያን ቀይ ክዳን ያለውን የእኛን ሽሮፕ እንዳይሰጧት፤ ቤት ውስጥ ካለም ይድፉት። ለጎረቤት ግን ከእኔ ሰማሁ አይበሉ።

ወንድምዎ ላዲፖ
ኢባዳን፣ የካቲት 17 ቀን 1994 እ.ኤ.አ.