መብራቱ ሳይጠፋ

ኅዳር 16፣ ማታ 1 ሰ.

ከሥራ ስገባ እማዬ መስኮት ላይ ናት። አደባባዩ ላይ ያለው ዛፍ መብራቱ በርቷል። ጾሙ በገባ ማግሥት፣ ልክ እንደ አምናው። ደስ ብሏታል። ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፤ ቀን ይምታታባታል። ካቻምና አንድ ዘዴ ፈጠርኩላት፦ መብራቱ እስካለ ጾም ነው፣ ከጠፋ የገና በዓል ነው። ከተማው የሚያጠፋው በፈረንጅ ጃንዋሪ 6 ማታ፣ በእኛ የገና ዋዜማ። ልክክ ይላል። ደብተሬ፣ ብልህ ሆኜ የማውቀው በዚህ ብቻ ነው።

ኅዳር 27

ከሠፈሩ ምክር ቤት ብሪፍ፣ ደብዳቤ መጣ። በመስከረም የጻፍኩት ማመልከቻ! ጭራሽ ረስቼዋለሁ። የሠፈራችን የቦናመስ ሐበሻ ሁሉ ፈርሞበታል። በበዓላችን ማታ አደባባዩ አይጨልምብን፣ አንድ ማታ ብቻ ይጨመርልን ነው ያልነው። ጀርመንኛውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ፈቀዱ ወይስ ከለከሉ? ሐሳቡ ታይቷል ይላል። ስለ ሠራተኛና ስለ መሰላል አንድ ሙሉ አንቀጽ አለው። የሥራ ባልደረባዬ አስረዳችኝ፦ ለአንድ ማታ ብለው ሠራተኛ አያዛውሩም፤ መብራቱ ሠራተኛ ቀጥሎ እስከሚመጣበት እስከ ፌብሩዋሪ 2 ይቆያል። ጥር 25 መሆኑ ነው። አንድ ማታ ለምነን ወር ሊሞላ ምንም ያልቀረው ሰጡን። ቤተ ክርስቲያን ስነግራቸው እልል አሉ፣ መረቁኝ። እኔም እልል አልኩ።

ታኅሣሥ 29፣ ጠዋት 1 ሰ.

ዶሮው ደርሷል። ነጭ ልብሷን አለበስኳት። እንኳን አደረሰሽ አልኳት። በጣቷ መስኮቱን አሳየችኝ። ውጭው ጨለማ፣ ዛፉ ቦግ ብሏል።

ያኔ ነው የገባኝ። ክው አልኩ። በዓሉ መግባቱን እንዲነግሯት ቄሱን በስልክ አገናኘኋት። በአክብሮት፣ እርስዎ ልጅ ነዎት፣ ተሳስተው ይሆናል አለቻቸው።

ማታ

ማድ ቤት በሩን ዘግቼ፣ ቆሜ በላሁ። ምን ላድርግ፣ ርቦኛል። ቀኑን ሙሉ አረጋውያን ቤት ሌላ ሰው ሳጎርስ ነው የዋልኩት። እውነቱን ልጻፍ፦ ጾሙንም አልጾምኩም። ሥራ ቦታ አይብ ስበላ ከርሜያለሁ። እማዬ አታውቅም። አፈርኩ።

ጥር 5

እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። የስኳር ክኒኗ ደግሞ ያለ ምግብ አይሆንም። ቀሚሷ ሰፍቷታል። ትናንት ከወንበር ስትነሳ አዞራት፣ ደግፌ ያዝኳት። መጋረጃውን ዘጋሁ፤ ከፈተችው። ፈራሁ።

ከተማው መ/ቤት ደወልኩ፤ አጥፉልኝ። ሴትዮዋ ፋይሉን አወጣች። አመልካቿ እርስዎ አይደሉም እንዴ አለች። ነኝ። ግራ ገባት፤ እኔንም። እናቴ ዛፉ ካልጠፋ አትበላም ማለት በጀርመንኛ እብደት ይመስላል። በአማርኛም ይመስላል። በጽሑፍ ያቅርቡ፣ ምክር ቤቱ በፌብሩዋሪ ሲሰበሰብ ያየዋል አለችኝ። ደግ ሰው ናት፣ መልካም ቀን ተመኘችልኝ።

ጥር 7፣ ኡንተርሊደርባህ

ከተማው ሌላ ጫፍ፣ ወንድሜ ዳንኤል ቤት አመጣኋት። መስኮቱ የሚያየው ጓሮ ነው፤ ድቅድቅ ያለ። ቆማ አየች፣ ብዙ ቆየች። ተመስገን፣ ጠፋ አለች። አማተበች።

የዳንኤል ሚስት ወጡን አቀረበች። እማዬ እንቁላሉን ቆርሳ ጠቀለለች። ወደ አፏ ወሰደችው ስል ወደ እኔ ዞረች። አንቺ ቅደሚ፤ እኔ ተቀምጬ ነው የጾምኩት፣ አንቺ ግን እየሠራሽ አለችኝ። ዳንኤል አቀረቀረ። ጎረስኩ። 

ጥር 8፣ ጠዋት 4 ሰ.

ክኒኗን በወተት ዋጠች። ፊቷ ወዝ አለው። ወደ ቤቴ ውሰጂኝ ትላለች። ዳንኤል መብራቱ እስኪነሳ እዚህ ትቆይ ይላል። ቀን በማታውቀው ቤት ማን ሊይዛት? እሱም ሚስቱም ኤርፖርት ነው የሚሠሩት። ቦናመስ ስንገባ ዛፉ እንደበራ ነው። እንደገና ትጾማለች? ወይስ ጾም አስገደፋችሁኝ ብላ ታለቅሳለች? አላውቅም፣ ደብተሬ። ማን እንደተምታታበትም እንጃ።

አንድ ነገር ግን ወስኛለሁ። ባቡር ሳንሳፈር እነግራታለሁ። መብራቱን ያስቆየሁት እኔ ነኝ። በዓሉ አልፏል። ያጎረስሽኝም ሳልጾም ነው።

ካፖርቷን ለብሳ በር ላይ ቆማለች። ትጠራኛለች። እማዬ፣ እኔ እኮ…