ያልታጠቡ እምቡጦች

የካቲት 11

ዛሬም እንደ ወትሮው። ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ አመሻሽ ላይ ወጣሁ። ሃምሳ አንሶላ። ጣቶቼ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቀዋል። ጫማዬን ሳላወልቅ በሩ ተንኳኳ። አንድ ግንበኛ፣ መዳፉን ሲሚንቶ የበላው።

«የባለቅባቷ ቤት ይኼ ነው?»

ወደ ውስጥ ተጣራሁ። «እማማ፣ እርስዎን ነው!»

እዚህ ቤት ምራት ሆኜ ከገባሁ አሥራ ሁለት ዓመቴ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በር ከፍቼ «እርስዎን ነው» ስል ኖርኩ። አማቴ አንድ ጣሳ የእጅ ስንጥቅ ቅባት ሰጡት። ከዓምናው የቀረው ሦስት ብቻ ነው። የዘንድሮው ገና ሊሠራ... ብርዱ ሊወጣ ሲል ከወንዙ ዳር ዛፎች እምቡጥ ይለቀማል፣ ቅጠሉ ሳይፈነዳ፣ ሙጫውን እንደቋጠረ። ዘይት ውስጥ ይከርማል፣ ከሰም ጋር ይቀልጣል። ይኼን ያህል አውቃለሁ። ከዚህ በላይ አሳይተውኝ አያውቁም።

«እጅሽ ይቸኩላል» ይላሉ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።»

እሺ። እስቲ ያልቸኮለ እጅ ሃምሳ አንሶላ ይጠብ።

የካቲት 16

አማቴ ደረጃ ላይ ወደቁ። የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። ጀሶ ታሰረላቸው። ሐኪሟ ባሌን ወደ ጎን ጠርታ... አጥንቱ ይገጥማል፣ ግን እጃቸው እንደ ድሮው ጨብጦ አይይዝም። ሲነግረኝ ዓይኑ ደጋግሞ ወደ መሬት። ማን ደፍሮ ይንገራቸው?

የካቲት 18

ገበታ ላይ እኔ ነገርኳቸው። ወደ መስኮቱ ዞረው፣ ወንዙን እያዩ፦

«የዘንድሮው ይቅር። ከእንግዲህም ይቅር።»

ይቅር? ግንበኛውስ? ማጠቢያ ቤት አብረውኝ ያሉት ሰባት ሴቶችስ? ከአያታቸው ለእናታቸው፣ ከእናታቸው ለእሳቸው ሲወርድ የመጣ ሙያ እንዲህ ደረጃ ላይ ተንሸራቶ ይቅር? አፌ ቀደመኝ።

«እኔ እሠራዋለሁ።»

ዞረው አዩኝ። «አንቺ?»

«እኔ።»

ባሌ ሾርባው ውስጥ ሊደበቅ ምንም አልቀረው።

የካቲት 21

የዕረፍት ቀኔ። ወንዝ ወርጄ ስለቅም ዋልኩ። አማቴ የነገሩኝ አንድ ነገር ብቻ፦ «የቅርንጫፉን ጫፍ አትንኪ፣ ዛፉ የሚያድግበት ነው።» ሌላውን ለምን አልጠየቅኩም? ኩራት ነዋ። ሙጫው ጣቶቼን እርስ በርስ አጣበቃቸው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል... ሙጫም ይጨመርበት።

ቤት ገብቼ ቅርጫቱን ሳየው አቧራ፣ ጉንዳን፣ የወፍ ኩስ። አሥራ ስድስት ዓመት የሰው እድፍ ያስለቀቅኩ ሴት ይኼን ዘይት ውስጥ ልጨምር? በሦስት ውኃ አጠብኩት። ጠርሙሱን በፈላ ውኃ አጠራሁ፣ እምቡጡን ሞላሁ፣ ዘይት አፈሰስኩበት፣ ክዳኑን ጥርቅም። የሚያምር ሥራ። ሲደርስ ጉድ ላሰኛቸው ብዬ የእኛ ክፍል መስኮት ላይ አኖርኩት። ከአልጋዬ ሆኜ እያየሁት ደረቴን ነፋሁ።

መጋቢት 3

ክዳኑን ከፈትኩት። ሽታው... ላይ ላዩን ነጭ ጸጉር አብቅሏል። ሻግቷል። ክው አልኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ? ጓሮ ቆፍሮ መቅበር። እውነቱን እዚህ እንኳ ልጻፈው።

መጋቢት 4

አልቀበርኩትም። ጠርሙሱን ታቅፌ ፊታቸው ቆምኩ።

«አጠብሽው?»

«አጠብኩት።»

«በሳሙና?»

«ኧረ በውኃ ብቻ፣ እማማ።»

«ተመስገን። ተኩሰሽ አላጣጠፍሽውም።»

ሳቁ። ከወደቁ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። ጀሶ ያለበትን እጃቸውን ደግፈው፣ እንባቸው እስኪመጣ። እኔም ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ሳላስበው አለቀስኩ።

ያኔ ነገሩኝ። እምቡጥ አይታጠብም። ጋዜጣ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፣ ቆሻሻው በእጅ ይራገፋል። ጠብታ ውኃ ዘይት ውስጥ ከገባ ያሻግታል። ጠርሙሱም አይከደንም፤ እርጥበቱ እንዲወጣ አፉ ላይ ስስ ጨርቅ ይታሰራል። እንዴት አላሰብኩትም? እርጥብ አንሶላ አጣጥፌ ቁም ሣጥን ውስጥ ዘግቼ አውቃለሁ? አላውቅም።

እየሮጥኩ ወንዝ ወረድኩ። ዛፎቹ በሙሉ ቅጠል አውጥተዋል። አንድ እምቡጥ የለም። በገዛ እጄ አጠፋሁት። ግንበኛው ቢመጣ ምን እለዋለሁ?

መጋቢት 6

ሲነፍስ አደረ። ጠዋት አማቴ ካፖርታቸውን በአንድ እጅ ለብሰው በር ላይ ቆመዋል።

«ከድልድዩ ማዶ፣ ከገደሉ ሥር፣ ፀሐይ የማይደርሳቸው ዛፎች አሉ። ዘግይተው ነው የሚነቁት። ተነሽ፣ ነፋስ የጣለው አይጠፋም።»

እጃቸውን በአንገታቸው አንጠልጥለው ያን ሁሉ መንገድ ሄዱ። ሳይደግስ አይጣላም... አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ግማሹ ውኃው ውስጥ፣ ግማሹ ዳር ላይ። እምቡጡ እንደተቋጠረ ነው። ግን ወንዙ ይጎትተዋል። አማቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔ ተንበርክኬ መልቀም ጀመርኩ፤ በእርጋታ፣ አንድ በአንድ፣ ልክ እሳቸው እንደሚወዱት።

«ምን ታባብይዋለሽ?» አሉኝ። «ወንዙ ሊወስደው ነው። ቸኩይ እንጂ።»

ቀና ብዬ አየኋቸው። እውነታቸውን ነው።

«ያንን የአንሶላ እጅሽን አምጪው።»

አመጣሁት። በሁለት እጅ ለቀምኩ። ውኃው ጉልበቴ ደረሰ፣ ዞሬም አላየሁት። ከወንዙ ጋር ተሽቀዳደምኩ፣ ቀደምኩትም። ቅርጫቱ ሞልቶ ወደ ዳር ስወጣ ቅርንጫፉ ተንሸራቶ ሄደ። አማቴ ከቅርጫቱ አንድ እምቡጥ አንስተው በግራ እጃቸው ጨመቁት፣ አሸተቱት።

«አፍሰሽ ነበር» አሉ። «ይኸው ለቀምሽ።»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። መንገዱን ሁሉ ጫማዬ ውኃ እየተፋ እንደ ሙሽራ ተራመድኩ።

መጋቢት 8

እምቡጡ ደርቆ ዘይት ውስጥ ገባ። አልታጠበም። ይመዝገብልኝ።

መጋቢት 30

ጀሶው ተፈታ። ማንኪያ አነሱ፣ ወደቀ። ደግመው አነሱ፣ ወደቀ። ባሌ ሊያነሳላቸው ጎንበስ ሲል «ተወው» አሉ። ራሳቸው በግራ እጃቸው አነሱት።

ጠዋት ጠዋት ዘይቱን የማማስለው እኔ ነኝ፣ የሚቆጣጠሩት እሳቸው። ጨርቁን ፈትቼ ሳሸትተው ሻጋታ የለም። ዛሬም የለም። ለሥራ ከመውጣቴ በፊት ሁለት ጊዜ አሸተትኩት።

ሚያዝያ 20

ዛሬ አጠለልኩት። ዘይቱ ወርቅ መስሏል። በፈላ ውኃ ድስት ላይ ሳህን ጥጄ፣ ሰሙን ፍቄ ጨመርኩ።

«ሰሙ ምን ያህል ይሁን፣ እማማ?»

«እኔን አትጠይቂኝ፣ ሳህኑን ጠይቂው።»

ለካ እንዲህ ነው... ቀዝቃዛ ሳህን ላይ አንድ ጠብታ ይጣላል፣ ሲረጋ በጥፍር ይነካል። መጀመሪያ ላላ። ሰም ጨመርኩ። አሁንም ላላ። ሦስተኛው ላይ ጥፍሬን ገታ አደረገና ቀስ ብሎ አሳለፈው። አማቴን አየኋቸው። እሳቸው ግን ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። እንድወስን ነው። «በቃ» አልኩ፣ ከእሳት አወረድኩት። አርባ አንድ ጣሳ። ቤቱ በሙሉ ሙጫ ሙጫ ሸተተ።

ከመጀመሪያው ጣሳ ማን ይቀባ? ልጠይቅ ስል አማቴ የተሰበረ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉልኝ። ራሳቸው። አንጓቸውን ቀስ ብዬ ቀባሁላቸው። ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ረጅም ጊዜ ያዙት።

«እናቴን ሸተተኝ» አሉ።

ባሌ «ሽንኩርት ነው» እያለ ዓይኑን ጠረገ። ሽንኩርት የከተፈ ሰው አልነበረም።

ሚያዝያ 24

ሰባት ጣሳ ለማጠቢያ ቤት። ሴቶቹ «ከአማትሽ ነው?» አሉኝ። «ከእኔ» አልኩ። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ሁለት ጊዜ ደስ እያለኝ ደገምኩላቸው።

ግንቦት 5

ጣቶቼን እዚህ ወረቀት ላይ አያቸዋለሁ። ስንጥቁ ገጥሟል። ግንበኛውም ባለፈው ሰሞን መጥቶ ወስዷል፤ መዳፉ አድሮ ሲሻለው ለሥራ ጓደኞቹ ሳይነግር አልቀረም።

ዛሬ ከሥራ መልስ ጓዳ ድስት እያጠብኩ በሩ ተንኳኳ። ክርኔ ድረስ አረፋ ነኝ። አማቴ ሄደው ከፈቱ። የማላውቃት ሴት ድምፅ ነው።

«የባለቅባቷ ቤት ይኼ ነው?»

መቼም ለእሳቸው ነው ብዬ ድስቴን ቀጠልኩ። ከዚያ አማቴ፣ እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ስጣራ እንደኖርኩት፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ፦

«ነይ እንጂ፣ አንቺን ነው!»