ስለ መታጠቢያ ቤትዎ ግድግዳና ስለ ወንድሜ ሬሳ

ለክቡር ሲኞር ካፒታኖ፥ የቡሬ ምሽግ አዛዥ፥ የእናቴ ቤት ባለቤት፥ የአናጢዎችና የግንበኞች ሁሉ የበላይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። ባለፈው እሑድ የወደቀብዎት ግድግዳ ጀርባዎን እንደላጠው ሰምተናልና ቁስሉ ቀስ ብሎ እንዲሽር እንመኛለን። እኛ የገብረሰንበት ልጆች፥ አንዳችን ሾላ ላይ ከመሰቀሉ በቀር፥ ደኅና ነን።

ይህን ደብዳቤ በሦስት ቅጂ ጽፌ አንዱን ለእርስዎ፥ አንዱን ለቤተ ክርስቲያኑ በር፥ አንዱን ለገበያው ያደረግሁት፥ አስተርጓሚዎ ወልደ ሥላሴ የሚያስደስትዎትን ብቻ እየመረጠ የመተርጎም ልማድ ስላለው ነው። ልመናዬ አንድ ነው፤ የወንድሜን የክንዱን ሬሳ አውርደው ለእናቴ ይስጧት። ግድግዳዬ እንደገና ተሠርቶ እስኪቆም ሬሳው አይወርድም ብለው ማዘዝዎን ሰምተናል። ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። አሞሮቹ ትእዛዝዎን ስላልሰሙ ሬሳውን እዚያው እንዳለ ጀምረውታል።

ከልመናው በፊት ግን የተደረገልንን ሳላመሰግን ባልፍ አሳዳጊ የበደለው እባላለሁ።

አንደኛ፤ እናቴን ወይዘሮ እማዋይሽን ከቤቷ ሲያስወጡ በእርግጫ ብቻ ስላስወጧት አመሰግናለሁ፤ ጎረቤታችን የወጣው በጥይት ነበርና። ቤቱ ገላ መታጠቢያ የሌለው መሆኑ እጅግ እንዳሳዘነዎትና ከአገርዎ በመጣ ባለ ሥዕል መጽሔት ላይ ማንም ሰው በገዛ እጁ መታጠቢያ ቤት ሊያበጅ እንደሚችል እንዳነበቡ ለአገሩ ሁሉ ተናግረው ነበር። በእኛ ዘንድ ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ የእርስዎ ግን በመጽሔቱ ውስጥ ቀርቶ ኖሯል። ወንዙ ከደጃችን ሥር እየፈሰሰ ይህን ሁሉ መጀመርዎ፥ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነበር።

ሁለተኛ፤ ለመታጠቢያ የመረጡት ገንዳ አባታችን ከአንድ ዋንዛ ግንድ ፈልፍሎ በሬዎቹን ውሃ ያጠጣበት የነበረው ነው። በሬዎቹ በጠጡበት መታጠብዎ ቅር አላሰኘንም፤ በሬዎቹንም ቅር ይላቸው እንደሆነ ለመጠየቅ አልተቻለም፥ በልተዋቸዋልና። ገንዳው በበሩ አልገባ ሲል በሩን ማስፋት ሲገባ ምሰሶውን በመጋዝ ቆረጡት። ጣራው ሲያጎነብስም በጥይት ሳጥን ደገፉት። ወታደሮችዎ አጨበጨቡ፤ ላለማጨብጨብ የደፈረ እንደሌለም እናውቃለን።

ሦስተኛውን ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ወንድሜ የሞተበት ነውና። ክንዱ ከሽንዲ እስከ ቡሬ በግድግዳ ምርጊት የታወቀ ሰው ነበር። በአገራችን የምርጊት ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር ይረገጣል፤ ውሃ እየተጨመረለት ሁለት ሳምንት ይቦካል። ሲቦካ ይሸታል፤ ካልሸተተም አይይዝም፤ ይህን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። ክንዱም በትእዛዝዎ መጥቶ ጭቃውን አቡክቶ በስምንተኛው ቀን እርስዎ አፍንጫዎን በመሐረብ ይዘው ደረሱ፤ ገላዬን የምታጠብበትን ቤት በእበት ሊያገማብኝ ነው ብለው ጭቃውን ሁሉ አስደፉት። ከዚያም እጅጌዎን ሰብስበው ትኩስ አፈር በወንፊት ነፍተው፥ ጭዱን ቆሻሻ ነው ብለው አስጥለው፥ ሽቶ ጠብ አድርገው በገዛ እጅዎ አቦኩ፤ በገዛ እጅዎም መረጉ። ክንዱ ባርኔጣውን አውልቆ፥ ጌታዬ ይህ ጭቃ ገና ጥሬ ነው፥ ውሃ ከነካው ይወርዳል አለዎት። ይህን በማለቱ በሰደፍ መትተው ሁለት ጥርሱን አወለቁለት። ደም የነካውን ቦታ ደግመው መረጉትና በእርጥቡ ግድግዳ ላይ ስምዎንና ቀኑን በጣትዎ ጻፉ። የተጻፈው ያምር ነበር ይባላል።

አራተኛ፤ የክንዱን ሚስት ንግሥቴን ውሃ እንድትቀዳ አድርገው እንስራው ከጀርባዋ ወድቆ ቢሰበር አሥራ አምስት አስገረፏት። ነፍሰ ጡር ነበረች። አሁን አይደለችም። በዚህ ተራ ቁጥር የምስጋና ቃል ፈልጌ አጣሁ፤ ክቡርነትዎ ይቅር ይበሉኝ።

እሑድ ዕለት ሕዝቡ ቅዳሴ አስቀድሶ ሲመለስ እርስዎ በፈላ ውሃ ገንዳውን ሞልተው እየዘፈኑ ይታጠቡ ነበር። ግድግዳው በእንፋሎቱ ላብ ላብ ሲለው ቆየና ውሃው እንደ ፈሰሰበት በአንድ ጊዜ ተናደ፤ ጣራውም ተከተለ። ሶላቶዎችዎ ጠላት የመጣ መስሏቸው ሜዳውን ተኩሰው አንዲት አህያ ገደሉ። ጭቃውን በእጁ እየዛቀ ከሥሩ ያወጣዎት ግን ክንዱ ነበር። ራቁትዎን፥ ሳሙና በሳሙና እንደሆኑ መንገድ ላይ ሲቆሙ፥ ክንዱ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የራሱን ጋቢ አለበሰዎት። በእኛ አገር ጠላትም ቢሆን ራቁቱን የቆመ ሰው ይሸፈናል፤ የሸፈነውም ሰው አይቶ እንዳላየ ይሆናል። ሕዝቡም ሁሉ ፊቱን አዞረ። አንድም ሰው አልሳቀም። እርስዎ ግን ያንን ዝምታ ሣቅ ነው ብለው ተረጎሙት፤ ለዚህስ ወልደ ሥላሴ አላስፈለገዎትም።

ሰኞ ማለዳ ክንዱ ግድግዳውን በተንኮል ጥሏል ተብሎ ተፈረደበት። ስምዎ የተጻፈበት ቁራሽ ጭቃ በማስረጃነት ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ማንም ግን አላነበበውም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው። ጋቢው እስካሁን እርስዎ ዘንድ ነው፤ እርሱ የተሰቀለው ያለ ጋቢ ነው።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፥ በትእዛዝዎ የቡሬ ሰው ለአዲሱ ግድግዳ ጭቃ ረግጧል። ጥሩ ግድግዳ ከፈለጉ ጭቃው ሁለት ሳምንት መቦካት አለበት፤ ሬሳ ግን ሁለት ሳምንት አይጠብቅም። ትኩሱን እንምረገው ካሉም እንደገና ይናዳል፤ ያን ጊዜም ሌላ ሰው ይሰቅላሉ። ጭቃን በአለንጋ ቢገርፉት ቶሎ አይቦካም። እናቴ ከሾላው ሥር ተቀምጣ በሻሽዋ አሞራ ስታባርር አራት ቀኗ ነው፤ እህልም አልቀመሰችም። ልጇን ይስጧት። እኔ በዚህ ደብዳቤ ብዙ ቀልጃለሁ፤ ይህን ግን ስለ እግዚአብሔር ብዬ ነው የምለምንዎ።

የእጅዎን ሥራ ሁሉ በሚገባ የማስታውስ፥ ውለታዎን ለመመለስ ዕለት ተዕለት የምተጋ፥ ዝቅ ብዬ የምጠብቅዎ፤
ይሄይስ ገብረሰንበት
ከወምበርማ በረሃ፥ ጥር ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ማስታወሻ፤ ደብዳቤው ሳይላክ ሁለት ቀን አደረ፤ ስለዚህ ልመናዬን እሰርዛለሁ። ትናንት በቀትር፥ እርስዎ ግድግዳውን በገዛ እጅዎ እንደገና ሲመርጉ፥ እናቴና ንግሥቴ ከአገሩ ሴቶች ጋር ሄደው ክንዱን አውርደውታል። ዘቦችዎ ፊታቸውን አዙረው ነበር፤ ይህችን ልማድ ከእኛ ሳይማሩ አልቀሩም። ፍትሐት ተደርጎለት ተቀብሯል፤ እናቴም ሚስቱም እኛ ዘንድ ናቸውና በመፈለግ አይድከሙ። ገመዱን ግን አልወሰድንብዎትም። አዲስ ነው፥ ጠንካራም ነው፤ ሴቶቹ ቋጠሮውን ፈትተው ለወፍራም አንገት እንዲበቃ ሰፋ አድርገው መልሰው አስረውታል።