ምትኩ ለምን አይቆጣም?

ሰኞ

ዛሬም ቆማ በላች። አክስቴ ሉባባ «ኧረ ቁጭ በይ» አለቻት። «እሺ» ብላ ተቀመጠች። ዞር ስንል ሳህኗን ይዛ ጓዳው በር ላይ ቆማለች፤ ሰው የሚቀማት ይመስል ቶሎ ቶሎ ትጎርሳለች። እናቴ ናት እንግዲህ። ከሳውዲ ከገባች ገና ሳምንቷ ነው።

ስትሄድ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ አሁን አሥራ ሰባት ሞልቶኛል። ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። አባቴ ኩታበር ሌላ አግብቶ እዚያው ቀርቷል፤ የእሱ ነገር ይቅር።

አንች ልበላት ወይስ እርስዎ? ወላሂ አላውቅም። እስካሁን ሳልጠራት ነው የማናግራት። «ሻይ አለ»፣ «ውሃ መጥቷል» እላለሁ፣ ግድግዳውን እያየሁ።

እሁድ የማነበውንም ታሪክ ገና አልጨረስኩም። የትምህርት ቤታችን የሥነ ጽሑፍ ክበብ እሁድ እዚህ ደሴ ፒያሳ አዳራሽ ተከራይቶ ታሪኮቻችንን ሊያስነብብ ነው፤ እኔም ከሚያነቡት አንዷ ነኝ። የኔ ታሪክ ወደፊት ስላለች አንዲት ክፉ ከተማ ነው። ከተማዋ ሰዎቿን ለሥራ ወደ አንድ ግንብ ትወስዳለች። ከብዙ ዓመት በኋላ ይመለሳሉ። የተመለሰው ራሱ ሰውየው ይሁን በእሱ አምሳል የተሠራ ምትክ ማንም አያውቅም። ቤተሰቡ ሦስት ቀን ይሰጠዋል። «ነው» ካሉ ይኖራል፤ «አይደለም» ካሉ እንደ አምፖል ያጠፉታል። ኑሪያ የምትባል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አባቷ ተመልሶላታል። ምን እንደምትል ግን እኔም አላውቅም።

መምህር ይመር አንብበውት «ዲስቶፒያ፣ የክፉ ዘመን ታሪክ የሚሉት ይሄ ነው። ከተማዋ ታየችኝ፣ ልጅቷም ታየችኝ፤ አባትየው ግን አልታየኝም» አሉኝ። አናደዱኝ። እንዳይታይ ብዬ እኮ ነው እንዲያ የጻፍኩት።

ታሪኩን የጀመርኩት እናቴ ልትመጣ ነው በተባለ ማግስት እንደሆነ ለሳቸው አልነገርኳቸውም።

ማክሰኞ

ዛሬ ያጠበችው፦ ምንጣፉን። መጋረጃውን። የጎረቤትን ደረጃ። ያልቆሸሸ ጫማዬን፣ በጥርስ ብሩሽ።

አክስቴ በመጨረሻ «ዘሃራ፣ አንች እዚህ ቤት እንግዳም አይደለሽ፣ ሠራተኛም አይደለሽ። እህቴ ነሽ» አለቻት። «እሺ» አለች። ከዚያ ምጣዱን ማሸት ጀመረች።

እኔ የማስታውሳት እናቴ ሰኞ ገበያ ላይ ነጋዴ የሚፈራት ሴት ነበረች። ሳቋ ከበር ውጭ ይሰማ ነበር። ሲነኳት እሳት ነበረች። ወይስ እኔ ነኝ የፈጠርኳት? የስምንት ዓመት ልጅ ትዝታ ምኑ ይታመናል።

ከሰዓት ያኔ ሳውዲ የላካት ደላላ ደወለላት። ማዳሟ፣ የሳውዲዋ አሠሪዋ፣ መልሳ ልትቀበላት ፈቃደኛ ናት አሉ፤ እስከሚቀጥለው ሰኞ አሳውቂኝ ብሏታል። ለአክስቴ ስትነግራት ሰማሁ።

«አንችስ ምን አልሽው?»

«እሺ አልኩት። አሳውቅሃለሁ አልኩት።»

«ልጅሽን ደግመሽ ጥለሽ?»

«ልጅቱ እኮ አታውቀኝም፣ ሉባባ። ስገባ ትወጣለች። እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?»

የተሰማኝን ልጻፈው፣ ማንም አያነበውም። ትንሽ ቀለል አለኝ። ወዲያው ደግሞ ራሴን ጠላሁ። ያ ረቢ፣ እንዴት ያለሁ ጨካኝ ነኝ።

ሐሙስ

ቤታችን ዱአ ተደረገላት። ጎረቤቱ ሁሉ መጣ፣ ጫት ቀረበ፣ ሼህ እንድሪስ ከፊት ተቀመጡ። በደህና ገብታለችና ለምስጋና ነው፤ አክስቴ ግን በልቧ ያሰበችው ሌላ ነው፣ እንዳትመለስ ነው።

ሼሁ እጃቸውን ሊዘረጉ ሲሉ «ዱአው በማን ስም ነው?» ብለው ጠየቁ። ስሟን ራሷ ትናገር ብለን ሁላችንም ዝም አልን።

«ሰሚራ» አለች።

አክስቴ ደንግጣ «ዘሃራ ናት፣ ሼህዬ! ዘሃራ!» አለች። እናቴ አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች። ከዚያ ወደ መሬት እያየች ተናገረች። የማዳሟ እናት ስማቸው ዘሃራ ነው። ሠራተኛ በእሳቸው ስም አትጠራም ተብሎ ገና የገባች ቀን ሰሚራ አሏት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰሚራ ነበረች።

የሚስቅ ይኖራል ብዬ ነበር፤ ማንም አልሳቀም። ሼህ እንድሪስ «ልጄ፣ አብሽሪ። አላህ ሁለቱንም ያውቃቸዋል» አሏትና በሁለቱም ስም ዱአ አደረጉ። ሰዉ «አሚን» እያለ ተቀበለ። እኔ አሚን ማለት አቃተኝ። የሁለተኛዋን ሴት አላውቃትማ። የመጀመሪያዋንም ቢሆን እንጃ።

እንግዶቹ እንደወጡ ታሪኬን ጨረስኩት። ኑሪያ «አይደለም» አለች። ሦስት መስመር ብቻ ነው የፈጀብኝ፤ ሳምንት ሙሉ እምቢ ያለኝ ነገር።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ዩኒፎርሜን ስትተኩስ «ሁልጊዜ ምንድን ነው የምትጽፊው?» አለችኝ። ከመጣች የጠየቀችኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። ምን እንዳሰብኩ እንጃ፣ እልህ ይመስለኛል፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። ኑሪያ «አይደለም» እስካለችው ድረስ።

የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ካውያውን አቆመችና አሰብ አደረገች።

«ይሄ ሰውዬ ለምንድን ነው የማይቆጣው?»

«እንዴት?»

«ሦስት ቀን ሙሉ ጥርስህን አሳየን፣ የልጅህ ልደት መቼ ነው፣ እዚህ ቁም፣ እዚያ ተቀመጥ ይሉታል። በገዛ ቤቱ። እሱ እሺ፣ እሺ ነው የሚለው። እሺ ስላለ እዚያ ውስጥ ሰው አለ ማለት መሰለሽ? እሺ ማለትን እኔ አውቀዋለሁ። ራስሽ ሳትኖሪም ይባላል።»

ከአፌ አመለጠኝ፦ «እማ፣ አንችስ ለምን አትቆጪም?»

እማ ያልኳት ካለፈ በኋላ ነው የገባኝ። «በመጀመሪያው ዓመት አንድ ቀን ተቆጥቼ ነበር» አለች። «ክፍሉን ቆለፉብኝ፤ ስልኬንም ወሰዱ። ሲከፍቱልኝ እሺ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ቁጣው ከየት እንደሚጀመር ጠፋኝ።» ካውያውን አነሳች። ሸሚዜ እጅጌው ላይ ተቃጥሏል፤ ሁለታችንም አላየነውም ነበር።

አታውቀኝም ማለቷ ልክ ነው። ጠይቄያት አላውቅም።

ቅዳሜ

ስነሳ የለችም። ስልኳ ዝግ ነው። ሻንጣዋ አለ፤ ከፍቼ አየሁት፣ ፓስፖርቷ የለም።

ለአክስቴ እንኳን ሳልነግር ወጣሁ። በባጃጅ መናኸሪያ። ማንም አላያትም። ደላላው ሰኞን ሳይጠብቅ ወስዷታል አልኩ፤ በዛሬው በረራ ከሆነስ? ኤርፖርቱ ወዳለበት ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። የሐረጎ ቁልቁለት በጉም ተሸፍኖ መንገዱ አይታይም፤ ሾፌሩ ይሳባል፣ እኔ ጥርሴን እነክሳለሁ። ኤርፖርት በር ላይ ጥበቃው አዘነልኝ መሰለኝ ገብቶ ጠየቀልኝ። እንደሷ ያለች ሴት አላለፈችም አለኝ። ሌላ የምሄድበት አልነበረኝም። እያለቀስኩ ወደ ደሴ ተመለስኩ። ሐሙስ አሚን አለማለቴ ነው እያልኩ።

ከሰፈራችን ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። ሻሿ ወደ ትከሻዋ ወርዷል።

«የት ነበርሽ!»

እንደዚያ ያለ ድምፅ ከዚያች ሴት ይወጣል ብዬ አላሰብኩም። «ለሰው ሳትነግሪ ከቤት ትወጫለሽ? አክስትሽ ልቧ ሊቆም! ነገ ሰው ፊት አነባለሁ ያልሽ ልጅ፣ አገር ለአገር ስትዞሪ ትውያለሽ? ማን ነው እንዲህ ባለጌ አድርጎ ያሳደገሽ?» አክስቴ ከኋላዋ ቆማለች፤ አሳዳጊዬ እሷ ናት፣ ግን አልከፋትም፤ በነጠላዋ ዓይኗን እየጠረገች ትስቃለች። ጎረቤቱ ወጥቶ ያያል።

«እሺ» አልኩ።

«እሺ አትበይኝ! የት ነበርሽ ነው የምልሽ!»

አንችን ፍለጋ፣ ኮምቦልቻ፣ አልኳት። እሷም ኮምቦልቻ ነበረች ለካ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በር ላይ ሥራ ልትጠይቅ ተሰልፋ። መታወቂያ ስለሌላት ነው ፓስፖርቷን የያዘችው፤ ስልኳ ደግሞ ባትሪ ጨርሶ። ዕድሜሽ ገፍቷል ብለው ሊመልሷት ሲሉ አልሄድም ብላ ቆመችባቸው። ሰኞ ነይና እንይሽ ብለዋታል። ይቀጥሯት አይቀጥሯት አይታወቅም። ደላላውም መልስ የሚጠብቀው ሰኞ ነው። የቱ ጋ እንደምትሄድ አልጠየቅኳትም፣ ፈራሁ።

የኑሪያን «አይደለም» ሰርዤዋለሁ። ቦታው ባዶ ነው፤ ነገ እዚያ ስደርስ ምን እንደማነብ አላውቅም። ከግድግዳው ወዲያ ለአክስቴ ስትናገር ይሰማኛል፤ «ይቺ ልጅ ትቀልዳለች!» ትላለች። እስካሁን አልበረደላትም። አልሐምዱሊላህ።