አራተኛው ማደሪያ

ጥቅምት 19

ጉልበቴ ዛሬም አመመኝ። ሦስተኛ ቀን በእግር። ከሰቆጣ ስንነሳ የሥራ ኃላፊያችን ሰርካለም ወረቀት ሰጠችኝ። «ይርዳው፣ እስከ ሰሃላ ስድስት ማደሪያ ፈልግልኝ። ሜዳ ይሁን፣ ውሃ ይቅረበው። ገበሬ ማስቸገር የለም፣ ቤት ገብቶ ማደር የለም።» በእግሩ የሚጓዝ ጎብኚ ድንኳን የሚተክልበት ቦታ መሆኑ ነው። ጎብኚው ከየት እንደሚመጣ እግዜር ይወቅ። ከጦርነቱ ወዲህ አንድ ሰው አስጎብኝቼ አላውቅም... ቢሆንም ሥራ ነው።

ሦስቱን አግኝቻለሁ። ሦስተኛው ነፋስ ይበዛበታል። ማን ያየዋል ብዬ «ደህና» ብዬ ጻፍኩ።

ጥቅምት 20

ጽጽቃን አለፍን። ባለበቅሎው ምንዋጋው ከበቅሎው ጋር በኽምጣኛ ሲያወራ ይውላል። ከእኔ ጋር ግን ዝም። ዝናቡ ቶሎ ስለቆመ ማሽላው ሳያፈራ ደርቋል። አገዳው ብቻ ቆሟል። እንዲህ ባለ ዓመት ማን ቤት ገብቶ «አሳድሩኝ» ይባላል?

ሲመሻሽ አራተኛውን አገኘሁ። ለጥ ያለ የእርሻ ጥግ። ከታች ምንጭ፣ ከነፋስ የሚከልል ካብ። ከካቡ በላይ አንዲት ጎጆ አለች፤ ሌሎቹ ቤቶች ከሷ ትንሽ ራቅ ይላሉ። ጭስ የላትም። ባዶ ናት አልኩ።

እውነት ባዶ መስላኝ ነው? በሩ ላይ የነበረውን ጀሪካን አይቻለሁ። ምንዋጋውም አይቷል።

«ተጣራ እንጂ» አለኝ። «ሰው ደጅ ደርሶ፣ ሳይጣሩ ሜዳ ላይ ማደር ምን የሚሉት ነው?»

«ቢኖሩስ ምን ይሰጡናል? ማሳፈር ነው።»

«መስጠቱ የነሱ ነው። መጣራቱ ያንተ።»

አልተጣራሁም። ድንኳኑን ተከልን።

ጥቅምት 21

ሰው ነበረባት።

ጧት ድንኳኑን ስጠቀልል አንዲት አሮጊት ካቡ ላይ ቆመው ያዩኛል። ወለተ ሰንበት ይባላሉ። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ጤና ይስጥልኝ እንኳ ሳይሉ፦

«ምን ሰምተህ ነው ቤቴን የዘለልኸው?»

«ምንም እናቴ... ሰው የሌለበት መስሎኝ...»

«አገሩ ሁሉ አየህ። ወለተ ሰንበት እንግዳ መለሰች፣ ደጇ ሥር ሜዳ ላይ አሳደረችው ይሉኛል። እኔ ከተዳርሁ ጀምሮ የመሸበት መልሼ አላውቅም።»

ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «እሳት ያላነደድሁትስ እኔው ነኝ። ስትወርዱ አይቻችኋለሁ። የማቀርበው የለኝ... ጭስ ካላዩ ያልፋሉ አልሁ። እግዜር ታዘበኝ።»

እኔ ሳልጣራ፣ እሳቸው ሳያነዱ። እንዲያው ተደባብቀን አደርን። በሕይወቴ እንዲህ አፍሬ አላውቅም። አባቴ ሲመሽ መንገድ ላይ እየወጣ መንገደኛ ይጎትት የነበረ ሰው ነው።

«ከስምንት ቀን በኋላ ስመለስ እርስዎ ዘንድ ነው የማድረው» አልኳቸው። «ጮክ ብዬ እጣራለሁ። ጎረቤት ሁሉ ይስማ።»

«ማርያምን በለኝ።»

«ማርያምን!»

«እሳቱን አነዳለሁ» አሉ።

ጥቅምት 25

ሰሃላ። ስድስቱም ሞሉ። ጉልበቴ አብጧል።

ጥቅምት 26

ወደ ሰቆጣ የሚመለስ የእርዳታ መኪና ተገኘ። ጋቢናው ውስጥ አንድ ቦታ አለ። ምንዋጋው አገሩ እዚሁ ሰሃላ ስለሆነ ይቀራል።

«ሴትዮዋስ?» አለኝ።

ጉልበቴን አሳየሁት። ልብ ብሎ አየው። «የማልኸው አንተ ነህ» ብሎ በቅሎውን ይዞ ሄደ።

ጉልበቴ ሲሻለው እሄዳለሁ። ሁለት ሳምንት ቢዘገይ ምን አለበት?

ኅዳር 6

ሪፖርቱን አስገባሁ። ሰርካለም አራተኛውን ወደደችው። «እንዴት ያለ ቦታ ነው! ፎቶውን ሽፋኑ ላይ እናደርገዋለን።» በፎቶው ጥግ ጎጆዋ ትታያለች። ቁረጫት አልኳት። ለምን አላለችኝም።

ኅዳር 17

ገበያ ውስጥ ምንዋጋውን አየሁት። ፍየል ሊሸጥ መጥቷል። ሰላም አለኝ... ቀዝቀዝ ብሎ።

«በመንገዴ ስለ ወለተ ሰንበት ጠየቅሁ። በየማታው እሳት ያነዳሉ አሉ። የሚጣድ የለም፣ እሳቱ ብቻ። ሰው ይስቅባቸዋል። እንግዳ መልሳ አሁን ለማን ታነዳለች እያለ።»

ነገ እሄዳለሁ።

ኅዳር 18

ስብሰባ።

ኅዳር 19

ስብሰባው አላለቀም። እነሳለሁ ብዬ አልተነሳሁም። ጉልበቴ እኮ ከተሻለው ሰነበተ... ማንን ነው የማታልለው?

ኅዳር 24

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደረስኩ። ጭስ የለም።

በሩ በእንጨት ተደግፏል። ጎረቤታቸው አገኘሁሽ ልጅ አዝላ ወጣች።

«አረፉ። የጽዮን ማርያም ማግስት ቀበርናቸው።»

«ምን አመማቸው?»

«ምን ይታወቃል... አቅም አልነበራቸውም።»

እንጨቱን አንስታ አስገባችኝ። ምድጃው አመድ ሞልቷል። መደቡ ጥግ የጠፍር አልጋ የቆመበት አራት ጉድጓድ መሬቱ ላይ ይታያል። አልጋው የለም።

«አነደዱት» አለች። «ገደል ወርዶ እንጨት መልቀም አቃታቸው። ተዉ ብንላቸው እንግዳ ይመጣል፣ ጭስ ማየት አለበት፣ ምሎልኛል ይሉናል። እኛ ደግሞ ቃዡ አልን... መሬት ላይ ተኝተው ነው ያረፉት።»

ማልቀስ ያዘለችው ሕፃን ያምርበታል፣ እኔ ግን አይገባኝም ነበር። አለቀስኩ።

ኅዳር 25

ትናንት መጻፍ ያቃተኝን ልጻፍ።

አገኘሁሽ ስትወጣ ደጁ ላይ ቆምኩ። ባለኝ ድምፅ ሁሉ ተጣራሁ፦ «ቤቶች! የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ!» ሦስት ጊዜ። ሰው ከየበሩ ብቅ አለ። አገኘሁሽ ተመለሰች። «ማንን ነው የምትጣራው? እኔ ቤት ግባ፣ ቆሎ አይጠፋም።»

«እግዜር ይስጥሽ። እዚህ ነው የማድረው።»

አንድ እቅፍ ጭራሮ ሰበሰብኩና ምድጃው ላይ አነደድኩ። ጭሱ ወጣ። ከአራቱ ጉድጓዶች አጠገብ ተኛሁ። ድንኳኑን አልፈታሁትም።

ጧት የማደሪያዎቹን ወረቀት አውጥቼ አራተኛውን ሰረዝኩ፤ ከሪፖርቱም ይውጣ እላለሁ። ሰርካለም ትቆጣለች። ትቆጣ።

ስወርድ ምንጩ ዳር ሴቶች ውሃ ይቀዳሉ። አንዷ «ይሄ ማነው?» ስትል ሰማኋት። አገኘሁሽ ቀና ብላ አየችኝ።

«የወለተ ሰንበት እንግዳ ነው» አለች። «እሳቸው ቤት ነው ያደረው።»