አንድ ያልተነሣለት ዓመት

ሰኞ፣ ነሐሴ 19

የሠርጌ ቀን ጾም ላይ ወድቋል! ደጋግሜ ሠራሁት፤ ያው ነው። ትናንት የእጮኛዬ የይበልጣል አጎት አያ መኮንን ቀን ሊቆርጡ መጥተው ነበር። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ስለነበሩ የቤተሰቡ ዘመን ቆጣሪ እሳቸው ናቸው። በጣታቸው አንጓ ቆጠሩና «ጾሙ የሚገባው የካቲት 23 ነው፤ ሠርጉ የካቲት 15 ይሁን» አሉ። አባዬም እሺ አለ። እኔ ጓዳ ሆኜ ሰማሁ። በኔ ስሌት ዐቢይ ጾም የሚገባው የካቲት 9 ነው። በሬ አርደው በሁዳዴ ሊድሩኝ!

የአዲሱ ዓመት መቁጠሪያ ገና አልወጣም። ኔትወርክ ከጠፋ ሰነበተ። ያለኝ እርሳስና ወረቀት ነው፤ ይበቃኛል። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ እኮ።

ማክሰኞ

ለአባዬ ነገርኩት። ሙሽራ ስለ ሠርጓ ቀን አፏን ትከፍታለች ወይ ብሎ ተቆጣ። አጎትየውን አዋርጄ እንዴት እዚያ ቤት እንደምገባም ጠየቀኝ። ፈርቷል። እኔም ፈርቻለሁ፤ ይበልጣልን እወደዋለሁ። ግን ዝም ብልስ? ቄስ የማይረግጠው ሠርግ ልደግስ ነው?

ንፋስ መውጫ ያሉ ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ሲካፈል የሚተርፈው ቀሪ ምን ይሠራል?» ይሉኛል። ይኸው፣ ይሄን ይሠራል። የጥንት ሰዎች በየአገሩ ያለው ክርስቲያን ባንድ ቀን እንዲጾም፣ ባንድ ቀን እንዲፈታ ፈለጉ። የጨረቃና የፀሐይ ቆጠራ ደግሞ አይገጥምም። ሒሳቡን ያመጣው ይሄ ጭንቀት ነው። አሁን በተራው ሒሳቡ ታች ጋይንት እኛ ቤት ድረስ መጥቶ በሬው መቼ እንደሚታረድ ያዛል። ሳስበው ደስ ይለኛል፤ እውነቴን ነው።

ረቡዕ

አገኘኋት! የመጪው ዓመት ዓመተ ዓለም 7518 ነው፤ 5500 ሲደመር 2018። ለ19 ሲካፈል 13 ይቀራል። ከዚያ ላይ አንድ ይነሣል፤ የሚሰላው ዓመት ራሱ ስላላለቀ አይቆጠርም። 12 ይሆናል፤ የጾሙ ቀን የሚወጣው ከዚህች ቁጥር ነው። አያ መኮንን አንዷን ሳያነሡ በ13 ነው የቀጠሉት። እኔም በ13 ሞከርኩት፤ ጾሙ ልክ እሳቸው ባሉት ቀን ገባልኝ። አንዲት ቁጥር ሁለት ሳምንት ገፋችው።

ዓርብ

ገበያ ብዬ ወጣሁና የደብራችን መርጌታ ዘንድ ገባሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ልክ ነሽ አሉኝ። እፎይ ብዬ ሳልጨርስ «ለመኮንን ግን እኔ አልነግርም። ያገኘሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ አጠገብሽ እቀመጣለሁ» አሉ። አያ መኮንንን ለነገ አስጠሯቸው።

ቅዳሜ

መጡ። መርጌታም እንዳሉት አጠገቤ ተቀመጡ። አባዬ ጠላ ቀዳላቸው። አያ መኮንን ወደ እኔ ዞር እንኳ አላሉም። እርስዎ ይቁጠሩልኝ፣ እኔ እከተልዎታለሁ አልኳቸው። ጀመሩ። 13 ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። 

«አንዷን ዋጥኳት» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ሠርጉ ጾሙ ሳይገባ ጥር 17 ይሁን ተባለ። «ለሰው ግን ቀኑን ያዛወረው መኮንን ነው በሉ» ብለው ለመኑ። እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። አልቻልኩም።

«አይሆንም አያ። እርስዎ፣ መርጌታና እኔ ሦስታችን ቆጥረን ነው ይባል።»

አባዬ አንገቱን ደፋ። አያ መኮንን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ፤ ረጅም አስተያየት። ከዚያ ወደ አባዬ ዞሩ።

«እንግዲህ ለዚች ልጅ፣ ሒሳብ ታውቃለች ብላችሁ ጥሎሽ ጨምር እንዳትሉኝ።»

ቀድሞ የሳቀው አባዬ ነው።